መልእክቱን የላከው ማን ነው? በሊኑክስ ላይ የዲስክ ስህተትን ስለ ማንበብ

(ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር፤ በቃል እንደተነገረው ከጥቂት የቋንቋ እርማት ጋር የተጻፈ)

የተከበራችሁ የስብሰባው ተሳታፊዎች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! የዲስክ ስህተት የሚል ርእስ አይታችሁ ይህን ያህል ሰው መምጣቱ በጣም አስደስቶኛል። ርእሱ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የቤተሰቡን ፎቶግራፍ ወይም የመሥሪያ ቤቱን ሒሳብ ለዲስክ አደራ ያልሰጠ ማን አለ? እጁን የሚያወጣ አላይም። እንግዲያው ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ሊኑክስ ዲስክ ሲታወክ ዝም አይልም፤ ይናገራል። ችግሩ ብዙ መናገሩ ነው። ስክሪኑ በመስመር ላይ መስመር ይሞላል፣ ቁጥሩና ምሕጻረ ቃሉ ይደራረባል፣ ሰውም ይደነግጣል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ኮምፒውተሩ እስከሠራ ድረስ» ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፤ ወይ ያገኘውን የጥገና ትዕዛዝ ገልብጦ ተርሚናሉ ላይ ይለጥፍና ኢንተርን ይጫናል። በሁለቱም መንገድ ፋይል ሲጠፋ አይቻለሁ። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው ለማዳን ብሎ ነው ያጠፋው።

ዛሬ ሦስት ነገር ላነሣ ነው። አንደኛ፣ መልእክቱን የሚናገረው ማን እንደሆነ መለየት። ሁለተኛ፣ የታመመው ዲስኩ ራሱ ነው ወይስ በዙሪያው ያለ ሌላ ነገር የሚለውን ማጣራት። ሦስተኛ፣ ከጥገና በፊት ምን ይቀድማል የሚለው። ሦስተኛውን ሳይሰማ የሚወጣ ሰው ካለ አሁኑኑ ልንገረው፦ ቅጂ ይቀድማል። ከማንኛውም ጥገና በፊት ቅጂ ይቀድማል።

ወደ አንደኛው ልግባ። በሽምግልናም ሆነ በፍርድ ቤት ያየ ምስክርና የሰማ ምስክር እኩል አይደሉም። የዲስክ መልእክትም እንዲሁ ነው። የጽሑፍ ፕሮግራማችሁ «ፋይሉን ማስቀመጥ አልተቻለም» ሲል የሰማውን ነው የሚናገረው፤ ዲስኩን በዓይኑ አላየም። የነገረው ፋይል ሲስተሙ፣ ማለትም ፋይሎች በዲስኩ ላይ የት እንዳሉ የሚያደራጀው ክፍል ነው። ፋይል ሲስተሙም ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) የብሎክ ክፍል ሰምቶ ነው፤ ይህ ክፍል ከዲስክ የማንበብና የመጻፍ ጥያቄዎችን የሚያስተናግደው ነው። የብሎክ ክፍሉ ከሳታ ድራይቨሩ፣ ማለትም ሳታ በተባለው ማያያዣ የተሰካውን ዲስክ ከሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ሰማ። ድራይቨሩ ደግሞ ከዲስኩ ጋር በቀጥታ ተነጋገረ። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ፊት ለፊት የምታዩት መልእክት ብዙውን ጊዜ ከቦታው እጅግ የራቀው ምስክር ቃል ነው።

ያየውን ምስክር የት እናገኘዋለን? ከርነሉ በሚጽፈው መዝገብ ውስጥ። ተርሚናል ከፍታችሁ «ዲሜሴጅ» የሚለውን ትዕዛዝ ከትልቁ ቲ አማራጭ ጋር ስትሰጡ መልእክቶቹን ከነሰዓታቸው ያወጣል። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ከተነሣ በኋላ ከሆነ ደግሞ «ጆርናል ሲቲኤል» የቀደመውን ቡት መዝገብ ያሳያችኋል፤ መዝገቡ በዲስክ ላይ እንዲቀመጥ የተዋቀረ ከሆነ ማለቴ ነው። አሁን ዋናውን ነገር ስሙኝ። ከታች አትጀምሩ። ሁላችንም ዓይናችን የሚያርፈው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው፤ የመጨረሻው መስመር ግን መዘዙ እንጂ መንሥኤው አይደለም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ወደ ላይ ውጡ፣ ሰላማዊው መዝገብ የተቋረጠበትን ቦታ ፈልጉ፣ የመጀመሪያዋን ያልተለመደች መስመር ያዙ።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት ውስጥ የጋራ ፋይሎች የሚቀመጡበት ሰርቨር በድንገት «ፋይል ሲስተሙ ለንባብ ብቻ ነው» ማለት ጀመረ። ሠራተኞቹ ምንም መጻፍ አልቻሉም። ባልደረቦቼ ነገሩን የፈቃድ ጉዳይ አደረጉት። የተጠቃሚዎችን ፈቃድ ለወጡ፣ የባለቤትነት ቅንብሩን ለወጡ፣ በመጨረሻም ሰርቨሩን አስነሡት። ሲነሣ ሠራ! ሁሉም እፎይ አለ። ከቀትር በኋላ ያው መልእክት ተመልሶ መጣ። መዝገቡን ከፍተን ወደ ላይ ስንወጣ ጠዋት ማንም ቅሬታ ከማሰማቱ በፊት ዲስኩ አንድ ቦታ ማንበብ እንዳልቻለ ተናግሮ ነበር። ኤክስት 4 የተባለው ፋይል ሲስተም ስህተት ሲያጋጥመው፣ እንዲያ ተብሎ ከተዋቀረ፣ ተጨማሪ ጉዳት እንዳይደርስ ራሱን ወደ ንባብ ብቻ ይቀይራል። ያን ቀን ያደረገውም ይህንኑ ነው። በሩን የዘጋው ቤቱን ለመጠበቅ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ቀኑን ሙሉ በሩን ሲገፉ ዋሉ።

እስቲ አንድ የስህተት መዝገብ በቅርበት እንይ። በሰሌዳው ላይ ያስቀመጥኩት መዝገብ የሚጀምረው «አታ 3» በሚል ስም ነው። ይህ ዲስኩ የተሰካበት የሳታ ወደብ ነው። «ኤክሴፕሽን» ይላል፤ ያልተለመደ ነገር ተፈጠረ ማለት ነው። ቀጥሎ «ያልተሳካ ትዕዛዝ፦ ንባብ» የሚል መስመር አለ፤ ሊጽፍ ሳይሆን ሊያነብ ሲል እንደወደቀ ታውቃላችሁ። ከዚያ በታች በቅንፍ ውስጥ ያሉት ሦስት ፊደላት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናቸው፦ «ዩኤንሲ» (UNC)። ሴክተር የምንለው ዲስኩ መረጃ የሚያስቀምጥበት ትንሽ ክፍል ነው። ዲስኩ በራሱ አንደበት «ይህን ሴክተር ብዙ ሞከርኩ፣ ማረም አልቻልኩም» እያለ ነው። ያየው ምስክር ይኸውላችሁ። ከዚህ በኋላ የሚመጡት መስመሮች፣ የብሎክ ክፍሉ «የግብዓት ውጤት ስህተት፣ መሣሪያ ኤስዲቢ፣ ሴክተር 8390656» ማለቱም ሆነ ፋይል ሲስተሙ መጮኹ፣ ይህንኑ ቃል የሚያስተጋቡ ናቸው።

ያቺ የሴክተር ቁጥር ግን ትልቅ ጥቅም አላት። ብዙዎች ያልፏታል። ከርነሉ ሴክተርን ሁልጊዜ የሚቆጥረው በ512 ባይት ነው፤ የዛሬዎቹ ዲስኮች አብዛኞቹ በውስጣቸው 4096 ባይት በሆነ ሴክተር ቢሠሩም። ፓርቲሽኑ፣ ማለትም ፋይል ሲስተሙ ያለበት የዲስኩ ክፋይ፣ የሚጀምረው ከሴክተር 2048 ነው እንበል። ከ8390656 ላይ 2048 ስንቀንስ 8388608 ይቀራል። የፋይል ሲስተሙ ብሎክ 4096 ባይት ከሆነ ለ8 እናካፍላለን፤ 1048576 እናገኛለን። ይህን የብሎክ ቁጥር «ዲባግ ኤፍኤስ» ለተባለው መሣሪያ ስንሰጠው መጀመሪያ የአይኖድ ቁጥሩን (አይኖድ ፋይል ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚይዘው መዝገብ ነው)፣ ከዚያም የፋይሉን ስም ይነግረናል። ዲስኩ የጎዳው የሥርዓቱን አንድ ፋይል ብቻ ከሆነ መልሶ መጫን ይበቃል። ብሎኩ ባዶ ቦታ ላይ ከሆነ ምንም አልጠፋም። የልጅ ፎቶግራፍ ከሆነ ደግሞ ከቅጂ ይመለሳል፤ ቅጂ ካለ። ሰው በማያውቀው ነገር ይሸበራል፤ የትኛው ፋይል እንደተነካ ማወቅ ግን ልብ ያረጋጋል።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚሉት ስሞች የዲስኩ ቋሚ መጠሪያዎች አይደሉም። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ሊለዋወጡ ይችላሉ። ትላንት ኤስዲቢ የነበረው ዛሬ ኤስዲኤ ሊሆን ይችላል። ዲስክን በመለያ ቁጥሩ ያዙት፤ ቁጥሩ ዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀትም ላይ ታትሟል። ሊኑክስ በመሣሪያዎች ማውጫ ሥር «በመለያ» የሚል ንዑስ ማውጫ አለው፤ ሞዴሉንና መለያ ቁጥሩን ከኤስዲኤና ከኤስዲቢ ጋር አገናኝቶ ያሳያችኋል። ሳጥኑን ከፍታችሁ ዲስክ ከመንቀላችሁ በፊት ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብቡ። እባካችሁ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንሻገር። የታመመው በእርግጥ ዲስኩ ነው? ዲስክ ስህተት የሚል ቃል ስናይ ዲስኩን እንኮንናለን። አንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት አንዱን ዲስክ አውጥቶ አዲስ ገዛ። አዲሱም ያንኑ ስህተት አመጣ። «ይህም የተበላሸ ነው የሸጡልን» ብለው ሻጩን ከሰሱ፤ ሌላ ተካ። እሱም ስህተት አመጣ። መዝገባቸውን ሳየው ዩኤንሲ የሚል ቃል የለበትም። ያለው «አይሲአርሲ» የሚል ነው፤ ከሥሩም «ሊንኩን (የዲስኩንና የኮምፒውተሩን ግንኙነት) በኃይል ዳግም ማስጀመር» የሚል መስመር ደጋግሞ ይመጣል፤ ዝቅ ብሎም የሊንኩ ፍጥነት ከ6.0 ወደ 3.0፣ ከዚያ ወደ 1.5 ጊጋቢት በሰከንድ መውረዱን ይናገራል። ይህ የዲስክ ቋንቋ አይደለም፤ የኬብል ቋንቋ ነው። መረጃው ከዲስኩ ደህና ወጥቶ በመንገድ ላይ ተበላሸ ማለት ነው። ከርነሉም ፍጥነቱን የሚቀንሰው ቀስ ብሎ ቢሄድ ይሻለው እንደሆነ ለመሞከር ነው። ኬብሉ ተቀየረ፣ ስህተቱ ቆመ። ጤነኞቹ ዲስኮች ግን ቀድመው ተጥለው ነበር።

ስለዚህ ይህን ያዙልኝ፦ ዩኤንሲ ወደ ዲስኩ ገጽታ ይጠቁማል፤ አይሲአርሲ ወደ ኬብሉና ወደ ማያያዣው። በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ዲስኮች አብረው ከጮኹስ? ዲስኮች ተማክረው አይሞቱም። የጋራቸው የሆነውን ነገር መርምሩ፤ ፓወር ሰፕላዩን፣ ወይም የተሰኩበትን መቆጣጠሪያ። በዩኤስቢ የሚሠራ ውጫዊ ዲስክ ደጋግሞ እየጠፋ የሚመለስ ከሆነም መጀመሪያ የሚያገኘው ኃይል በቂ መሆኑን፣ ሌላ ኬብልና ሌላ ወደብ በመሞከር አረጋግጡ።

አንዳንዴ ደግሞ የሌለ ዲስክ ይጮኻል! ከርነሉ «ኤፍዲ 0» በተባለ መሣሪያ ላይ፣ ሴክተር 0 ላይ ስህተት አለ ይላል። ኤፍዲ 0 የድሮው ፍሎፒ ነው። ኮምፒውተሩ ፍሎፒ የለውም፤ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከሊኑክስ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ግን አለ ብሎ ለሊኑክስ ነግሮታል፣ ሊኑክስም ሄዶ የሌለውን ያንኳኳል። በባዮስ ውስጥ ፍሎፒውን ማጥፋት ወይም የፍሎፒ ድራይቨሩ እንዳይጫን ማድረግ ይበቃል። በዚህች መስመር ምክንያት ሙሉ ኮምፒውተር ለመቀየር የተዘጋጀ ሰው አግኝቼ አውቃለሁ። «በመሣሪያው ላይ ቦታ የለም» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ቦታ እያለ ይህ ከመጣ አይኖዶቹ አልቀው ይሆናል፤ ሚሊዮን ትናንሽ ፋይሎች ባሉበት ማሽን ላይ የሚያጋጥም ነው። «ዲኤፍ» የሚለውን ትዕዛዝ ከትንሿ አይ አማራጭ ጋር ስጡት፣ ይነግራችኋል።

አሁን ዲስኩን ራሱን እንጠይቀው። ዛሬ ያሉ ዲስኮች ሁሉ ማለት ይቻላል ስማርት የሚባል የራሳቸውን የጤና መዝገብ ይይዛሉ። ሊኑክስ ላይ «ስማርት ሲቲኤል» የሚባለው መሣሪያ ያነብልናል። ብዙ ሰው ይህን ከፍቶ «አልፏል» የሚለውን የአጠቃላይ ጤና ውጤት ያይና ይዘጋዋል። በዚያ ቃል ብቻ አትተማመኑ። ዲስክ ከሞት አፋፍ ላይ ሆኖም «አልፏል» ሊል ይችላል። ዝቅ ብላችሁ ሠንጠረዡን አንብቡ። ተራ ቁጥር 5 በሌላ ቦታ የተተኩ ሴክተሮች ብዛት ነው። 197 ዲስኩ የተጠራጠራቸውና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች ናቸው። 198 ሊታረሙ ያልቻሉት ናቸው። 199 ደግሞ ቅድም ያልኳችሁ የኬብል ስህተት ቆጣሪ ነው። የመጨረሻው ወደ ኋላ አይመለስም፤ ኬብሉን ብትቀይሩም የቆየው ቁጥር እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ ቁጥሩን ጻፉ፤ ከሳምንት በኋላ እዩት። ካልጨመረ ችግሩ አልፏል።

እነዚህ ቁጥሮች ምን ያህል ይታመናሉ? በ2007 የጎግል ተመራማሪዎች ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ያወጡት ጥናት አለ። ዲስኩ ገጽታውን ሲፈትሽ የመጀመሪያውን ስህተት ካገኘ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ፣ እንዲህ ያለ ስህተት ካልታየበት ዲስክ ጋር ሲነጻጸር፣ 39 እጥፍ እንደሆነ አገኙ። አስቡት፣ 39 እጥፍ! ያው ጥናት ግን ሌላም ነገር አለው። ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ የሚበልጡት በዋና ዋናዎቹ የስማርት ምልክቶች ላይ ምንም አላሳዩም ነበር። እንግዲህ ቁጥሩ ከጮኸ እመኑት፤ ዝም ካለ ግን ዋስትና አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ኮምፒውተሩ ለአፍታ ድርቅ ብሎ እንደገና የሚነቃበት ሁኔታም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሊኑክስ አንድ ትዕዛዝ ለዲስክ ሰጥቶ በተለምዶ 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ለቤት ኮምፒውተር የተሠሩ አንዳንድ ዲስኮች ግን መጥፎ ሴክተር ሲያጋጥማቸው ከዚያ በላይ በመደጋገም ይታገላሉ። ዲስኩ ገና እየታገለ ሳለ ከርነሉ ትዕግሥቱ አልቆ ሊንኩን ዳግም ያስጀምረዋል። ያን ጊዜ መዝገቡ ላይ ዩኤንሲ የለም፤ ጊዜ አለቀ የሚል ብቻ ነው ያለው፤ እውነተኛው ምስክር ሳይናገር ተቋረጠ። ለሰርቨር የተሠሩ ዲስኮች በአብዛኛው በ7 ሰከንድ አካባቢ ተስፋ ቆርጠው መልስ እንዲሰጡ ተደርገው ይመጣሉ። በሬይድ፣ ማለትም ብዙ ሆነው እንደ አንድ ዲስክ እንዲሠሩ የተደራጁ ዲስኮች ያሏችሁ ሰዎች ይህን ልዩነት ፈትሹ፤ አንድ መጥፎ ሴክተር ብቻ ያለበት ዲስክ ከነሙሉ አካሉ ከሬይዱ የሚባረረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ዲስኩ የሚቀበል ከሆነ በስማርት ሲቲኤል ገደቡን ማሳጠር፣ ካልተቀበለ የከርነሉን የመጠበቂያ ጊዜ ማርዘም ይቻላል።

ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ ያላችሁ፣ እናንተን አልረሳሁም። ኤንቪኤምኢ የተባሉት የኤስኤስዲ ዓይነቶች ሠንጠረዣቸው አጭርና ግልጽ ነው፤ የቀረ መለዋወጫ ቦታ፣ ያገለገለው መቶኛ፣ የመረጃ ስህተት ብዛት። መቶኛው ከ100 ሊያልፍ ይችላል፤ አምራቹ የገመተው ዕድሜ አለቀ ማለት እንጂ ዲስኩ በዚያች ቅጽበት ይሞታል ማለት አይደለም። ኤስኤስዲ ግን እንደ ድሮው ዲስክ አያቃስትም፤ አንዳንዱ ያለ ምንም ምልክት ከሥርዓቱ ይሰወራል።

ሦስተኛው ነጥብ። ወገኖቼ፣ ለዚህኛው ጆሯችሁን ስጡኝ።

ዲስኩ መጥፎ እንደሆነ አውቃችኋል። እጃችሁ ወደ የትኛው ትዕዛዝ ይሄዳል? የብዙዎቻችን እጅ ወደ «ኤፍኤስሲኬ» ይሄዳል። አይሂድ! ኤፍኤስሲኬ የፋይል ሲስተም መጠገኛ ነው እንጂ የዲስክ መጠገኛ አይደለም። ሥራው አወቃቀሩ እርስ በርሱ እንዲስማማ ማድረግ ነው፤ ለዚህ ሲል ሊያነበው ያልቻለውን ማውጫ ይቆርጣል፣ ባለቤት ያጣውን ፋይል ወደ ጠፍተው የተገኙ ማውጫ ይጥላል። በሚሞት ዲስክ ላይ ስታስኬዱት ደግሞ ሞቱን ያፋጥናል፤ ይጽፍበታልና። ዲስኩ ማውንት በተደረገበት፣ ማለትም ሥርዓቱ እየተጠቀመበት ባለ ሁኔታ ማስኬድማ ጨርሶ አይታሰብም።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በዲስኩ ላይ መጻፍ አቁሙ። ማውንቱን አንሡ፤ የሥርዓቱ ዲስክ ከሆነ ኮምፒውተሩን ዝጉና ከዩኤስቢ አስነሡ። ከዚያ ቢያንስ እኩል መጠን ያለው ጤነኛ ዲስክ አምጡና «ዲዲ ሬስኪው» በተባለው መሣሪያ ሙሉውን ገልብጡ። ለምን «ዲዲ» የተባለውን ተራ የመገልበጫ ትዕዛዝ አንጠቀምም? ተራው ዲዲ በመጀመሪያው ስህተት ላይ ይቆማል። ዲዲ ሬስኪው ግን በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ መጀመሪያ ይሰበስባል፣ የሚያስቸግረውን ክፍል ዘሎ ያልፋል፣ ከዚያ ተመልሶ በጥቂት በጥቂቱ ይቧጥጠዋል። ዲስኩ ቀሪ ዕድሜው ምን ያህል እንደሆነ ስለማይታወቅ፣ ብዙ የሚያተርፈው ሥራ መቅደሙ ትልቅ ብልሃት ነው። የደረሰበትን በካርታ ፋይል ይመዘግባል፤ መብራት ቢጠፋ ወይም ዲስኩ ግሎ ብታቆሙት ከቆመበት ይቀጥላል። የካርታ ፋይሉን መስጠት አትርሱ፤ ያለ እሱ ድካማችሁ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆናል።

ምንጩንና መድረሻውን እንዳታቀያይሩ። ቅድም ስለ መለያ ቁጥር የለመንኳችሁ ለዚህ ነበር። አቅጣጫው ከተገለበጠ ባዶው ዲስክ በሞላው ላይ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚያድን መሣሪያ የለም። ቅጂው ካለቀ በኋላ ኤፍኤስሲኬን በቅጂው ላይ አስኪዱ፤ ከተቻለ በቅጂው ቅጂ ላይ። ያን ጊዜ የፈለገውን ቢቆርጥ ዋናው አለላችሁ።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፦ መጥፎውን ሴክተር በላዩ ላይ ብንጽፍበት አይድንም ወይ? እውነት ነው፣ በተጠራጠረው ሴክተር ላይ ስትጽፉ ዲስኩ ወይ ቦታው ደህና መሆኑን አረጋግጦ ይቀበለዋል፣ ወይ በመለዋወጫ ሴክተር ይተካዋል። 197 ላይ ያለው ቁጥር ይቀንሳል። ግን የነበረው መረጃ ጠፋ። ስለዚህ ይህ ሥራ የሚመጣው ከቅጂው በኋላ ነው። ከዚያም ረጅሙን የስማርት ፈተና አስኪዱ፤ በትልቅ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይፈጃል። ቁጥሩ ከቆመ ዲስኩን ለማያሳሳ ሥራ ማዋል ይቻላል። ካደገ፣ አሰናብቱት። እኔ በበኩሌ የሚያድግ ቁጥር ያለበትን ዲስክ አደራ የሚባል ነገር አልሰጠውም።

የመጨረሻው ጉዳዬ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ነው። «ስማርት ዲ» የሚባል አገልግሎት ከስማርት ሲቲኤል ጋር አብሮ ይመጣል። ከበስተጀርባ ሆኖ ቁጥሮቹን ይከታተላል፣ ሲለወጡ ኢሜይል ይልካል። አጭሩን ፈተና በየቀኑ፣ ረጅሙን በየሳምንቱ እንዲያካሂድ ማዘዝ ይቻላል። የሙከራ መልእክት የሚያስልክ አማራጭም አለው፤ ኢሜይሉ በእርግጥ እጃችሁ መግባቱን ዛሬውኑ ፈትሹ። ማስጠንቀቂያው ተልኮ ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ የተከማቸባቸው ሰርቨሮች ብዙ ናቸው። ሬይድ ያላችሁም ሬይዳችሁን እንደ ቅጂ አትቁጠሩት፤ በስህተት የጠፋን ፋይል ሬይድ በሁለቱም ዲስክ ላይ እኩል ያጠፋዋል።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ እንቀበላለን። የራሳችሁን መዝገብ ይዛችሁ የመጣችሁ ቅድሚያ ይሰጣችኋል፤ ነገር ግን የስክሪን ፎቶግራፍ ከሆነ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ብቻ ነው የሚያሳየኝ፤ ሙሉውን ጽሑፍ በፋይል ስጡኝና እዚሁ በትልቁ ስክሪን ላይ አብረን እናንብበው። ከወደ ኋላ እጅ ያወጡት እኅቴ፣ ይቀጥሉ።